ረድኤት እስክትበላ አንበላም

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መሪያችን «የሚመሰክር አለ ወይ?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ለብዙ እሑዶች ዞሬ ጎረቤቶቼን ስመለከት ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን እጄን ያነሣሁት እኔው ነኝ። እግዚአብሔር በቤቴ ያደረገውን በዚህ ጉባኤ ፊት በአግባቡ ልናገር እወዳለሁና ጥቂት ጊዜ ስጡኝ። ያዘጋጀሁት በጽሑፍ ነው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያለ ጽሑፍ ተናግሬ ስለማላውቅ በዚህ ታገሡኝ። ጌታ ይባረክ!

መኩሪያ እባላለሁ። የምኖረው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርሁ፤ ሥራዬም የሚዛን ቁጥጥር ነበር። ከሾላ ገበያ አንሥቶ እስከ ካራ ድረስ ሱቁን፣ ወፍጮ ቤቱንና ሥጋ ቤቱን እየዞርሁ የነጋዴውን ሚዛን ከመንግሥት ክብደት ጋር አመሳክር ነበር። ትክክል የሆነውን አሳልፋለሁ፤ ጎዶሎውን አሽጋለሁ። አንድ ሥጋ ነጋዴ ጮማ በጋዜጣ ጠቅልሎ እጄ ላይ ሊያስቀምጥ ቢሞክር «መጀመሪያ ይመዘን፣ ከዚያ ይከፈል» ብዬ በገበያተኛው ፊት አሳፍሬዋለሁ። ይህን የምናገረው ለመመካት አይደለም። በመጠኑ ለመመካትም ከሆነ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

እግዚአብሔርን በተመለከተ ግን፣ ወገኖቼ፣ ነገሩ ሌላ ነበር። የተወለድሁት ከአማኝ ቤተሰብ ነው፤ በሕፃንነቴ ተጠምቄአለሁ፤ በዓል አከብራለሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ እስከ ዛሬ የየካ ሚካኤል ምእመን ናት፤ አምልኮዋን አከብራለሁ፤ ትጋቷንም እመሰክራለሁ። እኔ ግን እግዚአብሔርን የማውቀው ሠራተኛ ዋና ኃላፊውን በሚያውቀው መጠን ነበር። ስሙን አውቃለሁ፤ ደንቡን በከፊል አከብራለሁ፤ ቢሮው ግን ገብቼ አላውቅም። የምፈልገውም ጉዳይ ያለኝ አይመስለኝም ነበር።

ከቤታችን ፊት ለፊት እህት ዘነበች ትንሽ ሱቅ አላት። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ያችው ከመዘምራኑ ጎን አንገቷን ያቀረቀረችው ናት። በሥራ ላይ ሳለሁ ሚዛኗን ደጋግሜ መርምሬ አንድም ቀን ጎዶሎ አላገኘሁበትም። እሷም በምላሹ አላስቀመጠችኝም።

«ጋሼ መኩሪያ፣ ሚዛኔን መረመሩ፤ እሑድ ደግሞ ሲግናል ያለው ጸሎት ቤታችን መጥተው እርስዎ ይመርመሩ» ትለኛለች።

«እሑድ ጋዜጣዬን የማነብበት ቀን ነው» እላታለሁ።

«ጋዜጣው የትናንቱን ነው የሚነግርዎት፤ እኛ ጋ የነገውን ይሰማሉ።»

«የነገውን ነገ እሰማዋለሁ፤ አሁን ስኳሩን መዝኚልኝ።»

እንዲህ እየተባባልን ዓመታት አለፉ።

አሁን ወደ ልጅቷ ልምጣ። ረድኤት የልጄ ልጅ ናት። አባትዋና እናትዋ በሥራ ምክንያት ሐዋሳ ስለሚኖሩ ከእኛ ጋር ታድጋለች፤ ያን ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከአጥራችን ጀርባ ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ አለ፤ በዳሩ ሰዎች ካሮትና ሰላጣ ይተክላሉ። ረድኤት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓደኞቿ ጋር እዚያ ትወርዳለች። ካሮት ነቅላ፣ በዩኒፎርሟ ጠርጋ፣ እየበላች ዳገቱን ትወጣለች። እኛም «አትክልት ትወዳለች» ብለን ደስ ይለን ነበር።

ከጊዜ በኋላ ፊቷ ገረጣ። ሆዷ ተነፋ፤ እጅና እግሯ ግን ቀጠነ። በክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች ብላ መምህርቷ ነገረችን። ሌሊት በእንቅልፏ ጥርሷን ታፋጫለች። ባለቤቴ ጉዳዩ ገና ድሮ የታወቀ ነው በሚል አነጋገር፣

«ወስፋቷ ነው፤ ርቦት ነው» አለች።

«ታዲያ ይህ ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ነው ትላለህ እንዴ! ወስፋት ከሰው ጋር የተፈጠረ ነው። እህሉን የሚፈጨው እሱ አይደል? ሲርበው ይነክሳል፣ ሲጠግብ ይተኛል። እናቴ እንዲህ ብላ ነው ያሳደገችን።»

ስለዚህ በየማለዳው አንድ ማንኪያ ማር ለልጅቷ፣ ማለትም ለወስፋቷ፣ ይሰጥ ጀመር። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ፈገግታው ግን የሳቅ ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ፤ ይህ አባባል በእኛ ቤት ብቻ የሚነገር አይደለምና። ባለቤቴም እነሆ ከኋላ ተቀምጣለች። «እኔ የምመጣው ስለ እኔ ምን እንደምታወራ ልሰማ ነው» ብላ ነው የመጣችው። ይህን እንዳወራ ትናንት ፈቅዳልኛለች፤ ዛሬ ሐሳቧን ቀይራ እንደ ሆነ ቤት ስንገባ አውቀዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ የወስፋት ክኒን ለተማሪዎች በሙሉ የሚሰጥበትን ቀን ሲያሳውቅ ጥሩነሽ ልጅቷን ከቤት አላስወጣችም። «ወስፋቷን ገድለውባት ምግብ እንቢ ብትለኝ ማን ሊያበላልኝ ነው?» አለች። ይህን ያደረገችው ከፍቅር ነው። ወገኖቼ፣ ፍቅርም ሊሳሳት እንደሚችል ያወቅሁት በዚህ ነው።

ክረምቱ እንደ ወጣ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ረድኤት ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ሆዴ ውስጥ ገመድ አለ» አለችኝ። ወዲያው አስመለሳት። መጀመሪያ የበላችው ወጣ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ውሃ፤ ከእርሱም ጋር አንድ ረጅም፣ ነጭ፣ ሕይወት ያለው ነገር። ጥሩነሽ ጮኸች። ሆዷን ስዳስሰው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ዘነበች ናት፤ ሱቋን ሳትዘጋ ሮጣ ታክሲ ያስቆመችልንም እርስዋ ናት።

ሆስፒታል እንደ ደረስን ልጅቷን መረመሩ፤ ራጅ አነሡ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ቃሏን መዝና የምትናገር ሆና ስላገኘኋት ወዲያው አከበርኋት።

«አባት፣ ወስፋቶቹ ብዙ ናቸው» አለችኝ። «እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልለው አንጀቷን ዘግተውታል።»

«የሚገድላቸው መድኃኒት ይሰጣት እንጂ!»

«አሁን ከሰጠናት በተቋጠሩበት ሞተው ይባስ ሊዘጉት ይችላሉ። መጀመሪያ መንገዱ ይከፈት። በደም ሥሯ ፈሳሽ እንሰጣታለን፤ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተን ሆዷን እናራግፋለን። በአፏ ግን ምንም እንዳይገባ። ምግብም፣ ውሃም። እስከ ነገ ጠዋት ካልተከፈተ ኦፕሬሽን እንገባለን።»

«ኦፕሬሽኑ ያሰጋታል?»

ዶክተሯ ራጁን እንደገና አየች። «ደሟ አነስተኛ ነው፤ በጣም ደክማለች። ሳንገባ ቢከፈት እመርጣለሁ።»

ያልተናገረችውን ሰማሁት። ወንድሞቼ፣ የሰው ልጅ ሕይወት በሚዛን ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ፤ በኪሴም በሌላው ወገን የማስቀምጠው አንዳች ክብደት አልነበረኝም።

የእኛን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። በአገራችን ሕመምተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ወሬው ሰፈር ውስጥ እንደ ተሰማ ዕድርተኛው ዳገቱን ወረደ። አጥሚት በፔርሙስ፣ ወተት በጠርሙስ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ከሕፃናት ክፍል በር ላይ ተሰለፈ። ሁሉም ተጨንቆ ነው፤ ሁሉም ወዶ ነው። እያንዳንዱ ግን በመጣ ቁጥር ልጅቷን ቀና አድርጎ «ትንሽ ቅመሽ የኔ ልጅ» ይላል። ይህችን ልጅ በጉርሻ ልንገድላት ነበር!

እዚያ ላይ ዘነበችና የጸሎት ቤታችን እህቶች ደረሱ። ዘነበች የዶክተሯን ትእዛዝ ከእኔ ጠይቃ ሰማች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ከአልጋው ራስጌ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ በዚያ በኩል ያለፈ ማንኪያ የለም።

በሰፈራችን የተከበሩ እናት እትዬ ወርቅነሽ የአጥሚቱን ክዳን እየከፈቱ፣ «አንዲት ማንኪያ አጥሚት ሰው ገድሎ አያውቅም» አሉ።

ዘነበች ተነሥታ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች። «እትዬ፣ ልጅቷ ጾመኛ ናት።»

«በቅዳሜ ደግሞ የምን ጾም ነው? እናንተ ጴንጤዎች አዲስ ነገር አታጡም!»

«የእኛ አይደለም፣ የራስዋ ነው። ዶክተሯ ናት ያወጀችባት።»

«ታዲያ አጥሚቴን ምን ላድርገው?»

«ለዚያች አራስ ለመሰለች እናት ይስጧት፤ ጠያቂ የላትም።»

እትዬ ወርቅነሽ ዞር ብለው በማዶ አልጋ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችውን ሴት አዩ፤ ሄደውም በእጃቸው አጠጧት። እንዲህ እየሆነ የሰፈራችን ወተትና ብርቱካን በሙሉ ለክፍሉ አስታማሚዎች ተዳረሰ።

ከባድ የነበረችው ባለቤቴ ናት። ከነጠላዋ ሥር የማር ብልቃጥ ይዛ መጥታ ኖሯል። «ጣቴን ብቻ ላስልሳት፤ ርቦት ነው የሚያገላብጣት» ብላ አለቀሰች። ዘነበች አልተቆጣቻትም። አንገቷን አቅፋ አብራት አለቀሰች፤ ብልቃጡን ግን ከእጇ ወሰደች።

ከሰዓት በኋላ ረድኤት ነቃች። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። «እማማ፣ ውሃ» አለች። ጥሩነሽ ፊቷን አዞረች።

«ውሃ አይቻልም እናቴ» አለቻት ዘነበች።

«ራበኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁሉም ሰው ይበላል። ለምን እኔ ብቻ?»

ዘነበች ዝቅ ብላ ዓይን ለዓይን አየቻት። «አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔም አልበላም።»

«ውሃስ?»

«ውሃም አልጠጣም። እነዚህ እህቶችም አይጠጡም።»

«ማን ከለከላችሁ?»

«ማንም። አንቺ እስክትበዪ ድረስ እኛም አንበላም።»

ልጅቷ ይህን በዝግታ አሰበችው። ቱቦው አፍንጫዋ ላይ እንዳለ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እኔ በዚያ ሰዓት ከሆስፒታሉ ካፍቴሪያ የገዛሁትን እንቁላል በዳቦ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስሁም፤ ልወጣና በረንዳ ላይ ልበላው አስቤ ነበር።

«አባባስ?» አለች።

ወገኖቼ፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ የበላይ ኃላፊዎች ጠይቀውኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ከማንም ቀርቦልኝ አያውቅም።

«እኔም አልበላም» አልኋት።

«ፕሮሚስ?»

«ቃሌ ነው።»

ዳቦውን ለጥበቃው ሰጥቼ ተመለስሁ። ረድኤት ከዚያ በኋላ ውሃ ብላ አላለቀሰችም። ክብር ለስሙ ይሁን!

ጾም ለእኔ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነበር፤ ይህ ቀን ይጾማል፣ ያኛው ይፈሰካል የሚል ደንብ። አንድ ሰው መብላት ስላልቻለ አጠገቡ ያለው ሰው መብላቱን ሲተው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። እነዚህ ሴቶች ለልጅቷ ዘመድ አይደሉም። ውለታ አልዋልሁላቸውም፤ እንዲያውም በጸሎት ቤታቸው ስቀልድ ኖሬአለሁ። «እነዚህ ሰዎች ይህን ከማን ተማሩት?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ወንድሞች ሆይ፣ ወንጌል ወደ እኔ የገባው በዚህች ጥያቄ ነው። ሃሌሉያ!

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ዘነበች መጣችና ጎኔ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይጸልዩ እንጂ።»

«እኔ አልችልበትም።»

«ማመልከቻ ጽፈው አያውቁም?»

«ብዙ ጽፌአለሁ።»

«እንግዲያው የሚችሉትን ያድርጉ። እሱ ያነባል» ብላኝ ሄደች።

የሚከተለውን በእውነተኝነት እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያ ጸሎቴ እንዲህ ነበር፦ «ለልዑል እግዚአብሔር። ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄን የረድኤትን ሕይወት ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደ ተሞከረው፣ ልጅቷ በጽኑ ታማ ተኝታለች። ስለሆነም...» ከዚህ በኋላ ልማዱ ይታወቃል። አመልካች «ከዚህ ቀደም ያበረከትሁት አገልግሎት ከግምት ውስጥ ገብቶ» ብሎ ይቀጥላል። እኔም እዚያ ደረስሁ። ያበረከትሁትን አገልግሎት ፈለግሁ። ሐቀኛ ሚዛኔን ላቀርብ አሰብሁ፤ ለእርሱ ደመወዝ ተቀብዬበታለሁ። ሌላ ፈለግሁ። የለም። የሚቀርብ አንዳች ነገር የለም።

ያን ጊዜ ማመልከቻው ከአፌ ላይ ቀረ። «አባቴ፣ እባክህ። ምንም የለኝም። እባክህ» ብቻ አልሁ። ጉልበቴ እንዴት አፈሩ ላይ እንደ ደረሰ አላውቅም። ሰው ያልፋል፤ ያያል፤ ግድም አልሰጠኝ። ዕንባዬ ሲቆም ልጅቷ ትድናለች የሚል ዋስትና አልተሰጠኝም፤ ይህን አልዋሽም። የተሰጠኝ ሌላ ነው። ኃላፊ እንዳለኝ ሳይሆን አባት እንዳለኝ አወቅሁ። በኦፕሬሽን ክፍሉ ደጃፍ ብቻዬን እንደማልቆምም አወቅሁ። ጌታ ይባረክ! ስሙ ለዘላለም ይባረክ!

በማግሥቱ እሑድ ጠዋት ዶክተሯ መጣች። ሆዷን ዳሰሰች፤ አሁንም የተወጠረ ነው። «አየር አውጥታለች?» ብላ ጥሩነሽን ጠየቀቻት። አላወጣችም። «እንግዲያው አንቆይም» አለች። እናትዋ ከሐዋሳ በመንገድ ላይ ስለነበረች የስምምነት ፊርማውን እኔ ፈረምሁ። 

ቀጥሎ የሆነውን በዚህ የተቀደሰ መድረክ መናገር ይገባል ወይስ አይገባም ብዬ ለብዙ ጊዜ ከራሴ ጋር ተመካክሬአለሁ። መጋቢያችን «ጌታ የሠራው ነውር የለውም» ስላሉኝ እናገራለሁ።

ልጅቷን ወደ ተሽከርካሪው አልጋ ሊያዛውሯት ከወገቧ ቀና ሲያደርጓት፣ ከአልጋው በኩል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ድምፅ አልነበረም። የክፍሉ ሰው ሁሉ ሰማው። ረድኤት ፊቷን በአንሶላው ሸፍና «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ» አለች።

ዶክተሯ እንደ ደነገጠች ሰው እጇን አንሥታ «ዝም በሉ!» አለች። የጆሮ ማዳመጫዋን የልጅቷ ሆድ ላይ አሳርፋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ሳቀች። «ይንቀሳቀሳል! መንገዱ እየተከፈተ ነው። አልጋውን መልሱት፤ ትንሽ እንጠብቅ።»

ጥሩነሽ እልል አለች። በማዶ ያለችው ባለ ሕፃን እልል አለች። እህቶች እልል አሉ። ምክንያቱን ያላወቁ የሌላ ክፍል አስታማሚዎችም ከኮሪደር ሆነው እልል አሉ። እኔ፣ በአደባባይ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ ጮኽሁ። ረድኤት አንሶላውን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ለዚህ ነው እልል የሚባለው?» አለችኝ። ለዚህ ነው ልጄ! ለዚህ ነው! ሃሌሉያ!

እስከ ቀትር ድረስ መንገዱ ፈጽሞ ተከፈተ። በመጸዳጃ ሳህኑ ላይ የታየውን አልዘረዝርም። ጥሩነሽ ግን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ክምሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ይህን ሁሉ ጉድ ነው በማር ስቀልብ የኖርሁት?» አለች።

ዶክተሯ የቀረውን የሚያጠፋውን መድኃኒት ያዘዘችው ከዚያ በኋላ፣ ሆዷ በደንብ መሥራቱን ካረጋገጠች በኋላ ነው። ጥሩነሽ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አነሣች። «ልጄ፣ ከእንግዲህ እህሉን ማን ይፈጭላታል?»

«እማማ፣ እኔ ወስፋት የለብኝም» አለቻት ዶክተሯ። «ምሳ ሰዓት ይምጡና አበላሌን ይዩ።»

መጀመሪያ የተፈቀደላት ጥቂት ውሃ ነበር። ነርሷ ብርጭቆውን ስታቀርብላት ረድኤት አፏን ዘጋች። ሁላችንም ደነገጥን። እሷ ግን በጣቷ ወደ እህቶች አመለከተች፦ «እነሱም ይጠጡ፤ እትዬ ዘነበችም፤ አባባም።» ውሃ ተቀዳልን። በዚያ ክፍል መካከል ቆመን፣ ሽማግሌውም ሴቶቹም፣ ከልጅቷ ጋር እኩል ጠጣን። እንዲህ የጣመኝ ውሃ የለም።

በሚቀጥለው እሑድ እዚህ መጣሁ። መጋቢው ጥሪ ሲያደርጉ ከዚያ ከግራው ሦስተኛ ረድፍ ተነሥቼ ወጣሁ። ጌታን ተቀበልሁ፤ ተማርሁ፤ ተጠመቅሁ። ጥሩነሽ «ጡረታ ወጥቶ ሥራ ፈትቶ ነው፤ ይተወዋል» ብላ ለጎረቤት ተናግራ ነበር። አልተውሁም። እርስዋ በየካ ሚካኤል፣ እኔ በዚህ እንጸልያለን፤ ማታ ራት ስንቀርብ ስለ ልጅቷ የምናቀርበው ምስጋና ግን አንድ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ማስተካከል ይኖርብኛል። ይህ ነገር ከተሰማ በኋላ አንድ ወዳጄ የሆነ ወጣት ወንድም መጥቶ «ጋሼ፣ ሲመሰክሩ ቱቦውንና ክኒኑን ባያነሡትስ? ጌታ በቀጥታ ፈወሳት ቢሉ ክብሩ ይጎላል» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። እኔም እንዲህ ብዬ መለስሁለት፦ «ልጄ፣ እኔ የሚዛን ሰው ነኝ። ዕቃው እንዲከብድ ጣቱን ሚዛን ላይ የሚያሳርፍ ነጋዴን ስቀጣ ኖሬአለሁ። የእግዚአብሔርን ሥራ ለማክበድ ጣቴን አላሳርፍም፤ ሥራው ራሱ ይከብዳል።» ዶክተሯን ያስተማራት ማን ነው? እህቶችን ከአልጋው ራስጌ ያስቀመጣቸው ማን ነው? መድኃኒቱም የእርሱ ነው፤ ጸሎቱም የእርሱ ነው፤ ልጅቷም የእርሱ ናት። ሁሉም በአንድ በኩል ተቀምጦ ሲመዘን ምስጋናዬ አይደርስበትም። አሜን በሉ!

ረድኤት ዛሬ አምስተኛ ክፍል ናት፤ ከእነዚያ ከፊት ከተቀመጡት ልጆች መካከል፣ ጉንጯ ሞላ ያለው ናት። ካሮት አሁንም ትወዳለች፤ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ነው የምትበላው። እጇን ታጥባ ወደ ማዕድ ትመጣለች፤ የእኔንም እጅ ትመረምራለች፤ ቁጥጥር በዘር ይተላለፋል ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ክኒኑን በሰጠ ጊዜም ጥሩነሽ ራስዋ ቁርስ አብልታ፣ እጇን ይዛ እስከ በሩ አደረሰቻት።

ትምህርት ቤቶች በዚህ ሳምንት እንደገና ሊሰጡ ነው። በዚህ ጉባኤ ውስጥ «ጸልየንበታል፤ ክኒን አያስፈልግም» የምትሉ፣ ወይም «ወስፋቱ ከሞተ እህል አይበላም» የምትሉ ካላችሁ፣ አትፈሩ። ልጆቻችሁን ላኩ፤ ደግሞም ጸልዩላቸው። የምናምነው አምላክ አንዱን ስናደርግ በሌላው የሚቀየም አይደለም። እርሱን ለማታውቁትም እላለሁ፦ የምታቀርቡት አገልግሎት ባይኖራችሁም ሂዱ። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ አልመለሰኝም። የታመነ ነው!

ከጉባኤው በኋላ ቤታችን ምሳ አለ፤ ጥሩነሽ ትናንት ስትደክምበት ነው የዋለችው። ነገር ግን ልጁ የታመመበት፣ እህል አልወርድ ያለው ልጅ በቤቱ ወይም በሆስፒታል የተኛበት ወላጅ ከመካከላችሁ ካለ፣ አይፈር፤ ስወጣ በሩ ላይ ይጠብቀኝ። አብሬው እሄዳለሁ። ምሳው ይቆያል።